ከእግር የማይለይ ውሻ፤ ጠባዩን ማወቅና በሥርዓት መያዝ

ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተዘጋጀ ትምህርት

ከጥሊሊ ጀምሮ እስከ እንጅባራና እስከ ዳንግላ ባለው አገር ውሻ የሌለው የገጠር ቤት ጥቂት ነው። ሌሊት በረቱን ከጅብ፣ ቀን ማሳውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅ እርሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚናገር እርሱ ነው። ለዚህ ሁሉ አገልግሎቱ የሚያገኘው ደመወዝ ከገበታ የተረፈ ፍርፋሪ ነው።

ነገር ግን አንዳንድ ውሻ አለ፤ ከደጅ አልቀመጥም ይላል። እናቲቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ይከተላታል፤ እንጀራ ስትጋግር ከምድጃው ሥር ይጋደማል፤ ሕፃኑን ስታጠባ አፍንጫውን ከጭኗ ላይ ያኖራል፤ ገበያ ስትሄድ በሩን እየቧጨረ ሲያላዝን ይውላል። ከቤተ ሰቡ ግማሹ «ወዶን ነው፤ ተዉት» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ዱላ ያነሣል። ሁለቱም መንገድ ውሻውን አያርመውም።

በዚህ ትምህርት የምንነግራችሁ ዋና ነገር ይህ ነው። የውሻችሁን የዘወትር ጠባይ እወቁ፤ የራሱን ቦታ ስጡት፤ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ እንደ ሆነ ግን እንደ ቀልድ አትለፉት። ይህን የሚያውቅ ቤተ ሰብ ልጆቹን ከትልና ከቁንጫ፣ ይልቁንም ከእብድ ውሻ በሽታ ይጠብቃል።

1. ውሻው ለምን ይለጠፋል?

ውሻ በተፈጥሮው ብቻውን የሚኖር እንስሳ አይደለም። የጥንት ዘሩ ከተኩላ ነው፤ ተኩላም በመንጋ ያድናል፣ በመንጋ ይተኛል። ሰው ካለመደው ጊዜ ጀምሮ ግን የውሻ መንጋው የሰው ቤተ ሰብ ሆኗል። ስለዚህ ከሰው አጠገብ መሆን መውደዱ ነውር አይደለም። ከልክ ሲያልፍ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

ብርድ። አገራችን ደጋ ነው። በክረምት ዝናቡ ሲበረታ፣ በጥቅምትም ውርጭ ሲወርድ ማደሪያ የሌለው ውሻ ወደ እሳቱ ይመጣል። እናቲቱ ከእሳቱ አጠገብ ስለማትለይ ውሻውም እርሷን የተከተለ ይመስላል፤ የሚሻው ግን ሙቀቱን ነው።

ረኃብ። ምግቡ ጊዜ የሌለው ውሻ ቀኑን ሙሉ እጅ እጅ ሲያይ ይውላል። አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ማታ፣ አንድ ቀን ጭራሽ ካልበላ «መቼ ይሆን?» እያለ ከእግር አይለይም።

ፍርሃት። ነጐድጓድ፣ የጅብ ጩኸትና የሠርግ ተኩስ ውሻን ያስፈራሉ። ዛሬ ተደብድቦ ነገ የሚሞጋገስ ውሻም የሰውን ፊት እየፈራ ይለማመጣል። እየተርበደበደ መለጠፉን ብዙ ሰው ፍቅር ብቻ አድርጎ ያየዋል።

ከእናቱ ቶሎ መለየት። ቡችላ ቢያንስ ሁለት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መሆን አለበት። መናከስ ልክ እንዳለውና ብቻን መቆየት እንደሚቻል የሚማረው ያን ጊዜ ነው። ዓይኑ እንደ ተገለጠ የተወሰደ ቡችላ ካደገም በኋላ ሰው ሙጥኝ ይላል።

የሰው መለየት። ከብት ጠባቂው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ወይም ልጅቱ ስትዳር፣ ከእነርሱ ጋር የዋለ ውሻ ግራ ይገባዋል። ያን ጊዜ ከቤት በማትጠፋው በእናት ላይ ይለጠፋል።

ሕመምና እርጅና። ዓይኑ የፈዘዘ፣ ጆሮው የደነቆረ፣ ወይም ሆዱን የሚያመው ውሻ ከሚያውቀው ሰው መራቅ ይፈራል። ያረገዘች ውሻም እንዲሁ ትሆናለች።

እንግዲህ ዱላ ከማንሣት በፊት እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁ። በርዶት ነውን? ርቦት ነውን? ፈርቶ ነውን? ማን ተለይቶታል? አሞት ይሆን? ሐኪም ሳይጠይቅ መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ምክንያቱን ሳያውቁ ውሻን መቅጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

2. ምን እናድርግ?

ሀ) ማደሪያ ሥሩለት። ቀርከሃ በአገራችን ሞልቷል። ውሻው ተነሥቶ ሊዞር የሚችልባት ትንሽ ጎጆ ከቀርከሃ ሥሩና በሣር ክደኑ። ወለሏን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፤ በሯም ነፋስ ወደማይመጣበት ይዙር። ውስጡን ገለባ አልብሱት፤ ገለባውንም በየሳምንቱ አውጥታችሁ አቃጥሉና ለውጡት፤ ቁንጫ የሚራባው እዚያ ነውና። ጎጆዋ ከሰው ቤት በር ፈንጠር ትበል፤ ሆኖም ሰው የሚታይባት ትሁን። የሚያያቸው ከሆነ ለመቀመጥ አያስቸግርም።

ለ) ምግቡን በጊዜው፣ በቦታው ስጡት። ጠዋትና ማታ በአንድ ሰዓት፣ በራሱ ዕቃ፣ በማደሪያው ፊት ይብላ። ቤተ ሰቡ ገበታ ላይ ሳለ ፍርፋሪ መወርወር ይቅር። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለው እውነት ነው፤ ከመሶቡ ሥር የበላ ውሻም መሶቡን ይጠብቃል። የሚጠጣው ንጹሕ ውሃም አይለየው።

ሐ) አንድ ቃል አስተምሩት። «ቦታህ» በሉትና ወደ ማደሪያው ምሩት። ሲቀመጥ ወዲያው ቁራሽ ቂጣ ስጡትና በለሰለሰ ድምፅ አመስግኑት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይህን አድርጉ። ቃሉ በሁሉም አፍ አንድ ይሁን። አባት «ውጣ»፣ እናት «ቦታህ»፣ ልጅ «ወግድ» ቢሉት ውሻው አንዱንም አይማር።

መ) ሲዘልባችሁ አትጩኹ፣ አትርገጡም። ለውሻ ጩኸትም ጨዋታ ነው። ዝም ብላችሁ ጀርባችሁን ስጡት። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ያን ጊዜ አናግሩት። በእርጋታ የቆመ እንጂ የዘለለ ውሻ እንደማይደባበስ በዚህ ይማራል።

ሠ) መለየትን ጥቂት በጥቂት አለማምዱት። ውሻ ዓይነ ፈጣን ነው። ነጠላችሁን ስትደርቡና ዘንቢል ስታነሡ ገበያ መሄዳችሁን አውቆ ማላዘን ይጀምራል። ስለዚህ አንዳንድ ቀን ነጠላውን ደርባችሁ፣ ዘንቢሉን አንሥታችሁ፣ ሳትሄዱ ተቀመጡ። ሌላ ቀን ከአጥር ውጭ ወጣ ብላችሁ ሳይጮኽ ተመለሱ። ቀጥሎ አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ፣ ከዚያም ጎረቤት ደርሳችሁ እስክትመለሱ ቆዩ። ስትወጡም ስትገቡም ብዙ አታባብሉት፤ መለየቱ ትልቅ ነገር እንዳይመስለው ነው።

ረ) ሥራ ስጡት። ከብት ጠባቂ ጋር ወደ መስክ የወረደ፣ ሮጦ የደከመ ውሻ ማታ በቦታው ይተኛል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የዋለ ግን ሲፈቱት ያበደ ይመስላል። ማሰር ግድ ከሆነ ሰንሰለቱ ይርዘም፤ ጥላና ውሃም ይኑረው።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጩኸቱ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም። ያን ጊዜ አዝናችሁ በሩን የከፈታችሁለት እንደ ሆነ «አብዝቶ መጮኽ በር ያስከፍላል» ብሎ ይማራል፤ የደከማችሁበትም ሁሉ ከንቱ ይቀራል። አያት በስውር ቁራሽ ከወረወሩለትም እንዲሁ ነው። ሕጉን የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌም ሕፃንም፣ አንድ ላይ ይጠብቀው። ብዙ ውሻ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል።

3. መውደድና ንጽሕና

ውሻን መውደድ ከእርሱ ጋር መብላትና መተኛት አይደለም። ሰውነቱ ንጹሕ ቢመስልም በሆዱ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ዕንቁላል የሚጥል ትል ሊኖር ይችላል። ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ከፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ውሻው ኋላውን ልሶ የልጁን ፊት ሲልስ፣ ወይም ልጁ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ፣ ዕንቁላሉ ወደ ሰው ሆድ ይገባል።

ከእነዚህ ትሎች አንዱ በተለይ ክፉ ነው። በጉ ለበዓል ሲታረድ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እንደ ከረጢት ያለ ነገር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ይህ ብዙ ጊዜ የዚያ ትል ልጅ ነው። ይህን ቆርጠው ለውሻ የሚጥሉ ብዙዎች ናቸው። ውሻው ሲበላው በሆዱ ትል ይሆናል፤ ትሉ ዕንቁላል ይጥላል፤ በጉ ከሣሩ ጋር፣ ልጁም ከእጁ ጋር ይውጠዋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ያው የውሃ ከረጢት ለብዙ ዓመት ሕመም ሳይሰማ ያድጋል፤ በኋላም ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። ይህን ዑደት የምትቆርጠው በእርድ ቀን ቢላዋ የያዘችው እጅ ናት። ስለዚህ፤

— ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ አቃጥሉ፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ። ሌላውንም የሆድ ዕቃ ጥሬውን ለውሻ አትስጡ፤ በደንብ ቀቅሉት።

— ውሻ ከሰው ሳሕንና ድስት አይላስ፤ የራሱ ዕቃ ይኑረው።

— ሊጥ፣ ሌማትና የውሃ እንስራ ሁልጊዜ ይከደኑ።

— ሕፃን በሚተኛበት ቁርበት ወይም ፍራሽ ላይ ውሻ አይውጣ። የሕፃንን ፊትና ቁስል አይላስ፤ ሲጸዳዳም አጠገቡ አይቅረብ።

— ልጆች ከውሻ ጋር ከተጫወቱ በኋላ፣ ይልቁንም ምግብ ሳይነኩ፣ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

— የውሻውን ዓይነ ምድር ከግቢ በየዕለቱ በአካፋ እያነሣችሁ ቅበሩ፤ ከጎመን መደብም አርቁ።

— የትል መድኃኒት ከእንስሳት ክሊኒክ አግኝታችሁ ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ ስጡት። ለቁንጫና ለመዥገርም መድኃኒት ጠይቁ፤ የእህል ተባይ መግደያ ግን አትቀቡት፤ ውሻውንም የሚደባብሰውን ልጅም ይመርዛል።

እንደምታዩት ውሻውን በቦታው ማስቀመጥ የጠባይ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የንጽሕና ትምህርትም ነው። «ቦታህ» የተማረ ውሻ ከሊጡም ከሕፃኑም ይርቃል።

4. ጠባዩ በድንገት ሲለወጥ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። እስካሁን የተናገርነው ጥንት ጀምሮ ስለሚለጠፍ ውሻ ነው። ትናንት እንዲህ ያልነበረ ውሻ ዛሬ በድንገት ቢለወጥ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ገና ከሩቅ እያረፋ፣ ያገኘውን እየነከሰ የሚመጣ ይመስለዋል። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ምልክቱ የጠባይ መለወጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰው ይሸሽ የነበረው ውሻ ሳይታሰብ ይለማመጣል፣ እጅ ይልሳል። ከሰው የማይለየው ደግሞ ከጎተራ ሥር፣ ከጨለማ ቦታ ይደበቃል፤ ሲጠሩትም ያጉረመርማል። ያ የላሰው እጅ ቁስል ያለበት እንደ ሆነ በሽታው በምራቁ ሊገባ ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ድምፁ ይሻክራል፤ እንጨት፣ ድንጋይና አፈር ይነክሳል፤ ያለ ምክንያት ከቤት ወጥቶ ርቆ ይሄዳል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ የኋላ እግሩ ይዝላል። አንዳንዱ አይናከስም፤ ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ይህን አይታችሁ «አጥንት ሰንቅሮበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን ወደ አፉ እንዳትሰዱ! በዚህ መንገድ የተያዘ ሰው አለ።

በሽታው ከውሻ ወደ ከብት፣ ወደ አህያና ወደ ፈረስም ይተላለፋል። በእብድ ውሻ የተነከሰ ከብት ቢኖር ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ፤ ወተቱን አትጠጡ፣ ሥጋውንም አትብሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በየዓመቱ በዓለም ላይ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል። ከ10 ሟቾች 4ቱ ያህል ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ከውሻ ጋር ስለሚጫወት፣ ቁመቱም አጭር ስለሆነ ፊቱና ራሱ ይነከሳል፤ እንዳይቆጡትም ብሎ መነከሱን ይደብቃል። ስለዚህ «ውሻ ከነከሰህ አልቆጣህም፤ ንገረኝ» ብላችሁ ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

5. ሰው የተነከሰ ወይም የተቧጨረ እንደ ሆነ

አንደኛ፤ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። አንዱ ከማሰሮ ወይም ከጆግ ውሃውን ያፍስስ፤ ሌላው በሳሙና ይጠብ። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ምራቁን ጠርጎ ያወጣልና።

ሁለተኛ፤ በቁስሉ ላይ በርበሬ፣ ቡና፣ አመድ፣ ቅቤ ወይም ቅጠል አታድርጉ። አጥብቃችሁም አትሰሩት።

ሦስተኛ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባቱ እዚያ ባይኖር ወደሚገኝበት ሆስፒታል ይልኳችኋል። ክትባቱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሐኪሙ በቀጠረው ቀን ሁሉ መመለስ ያስፈልጋል። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነም ሌላ መድኃኒት ሊጨመር ይችላል።

አራተኛ፤ ውሻውን ለመግደል አትቸኩሉ። ያለ አደጋ ማሰር ወይም መዝጋት የሚቻል ከሆነ 10 ቀን ይጠበቅ። ከ10 ቀን በኋላ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ፣ በነከሰበት ጊዜ በሽታው በምራቁ ውስጥ እንዳልነበረ ይታወቃል። የሰውየው ክትባት ግን 10ሩን ቀን አይጠብቅም፤ ወዲያው ይጀመር። ውሻው ከሞተ ወይም ከጠፋ ለጤና ጣቢያውና ለእንስሳት ሐኪሙ አስታውቁ።

አንዳንድ አረጋውያን ይህን ሲሰሙ ይከራከራሉ።

— ልጄ፣ ያኛው ጎረቤት ተነክሶ ቅጠል ጠጥቶ ዳነ እኮ፤ ለምን እንንከራተታለን?

— እማማ፣ የነከሰው ውሻ ያላበደ ቢሆንስ? ያልታመመ ውሻ የነከሰው ሰው ቅጠል ቢጠጣም ባይጠጣም አይሞትም። ያበደ የነከሰው ግን ሕመሙ አንድ ጊዜ ከጀመረ መድኃኒት የለውም።

— ጸበሉስ?

— ጸበሉም ጸሎቱም አይቅር። ክትባቱም አይቅር። መጀመሪያ ግን ቁስሉ ይታጠብ።

ሰው የሚዘናጋው ሕመሙ ቶሎ ስለማይጀምር ነው። ብዙ ጊዜ ከተነከሰ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም በሳምንት ወይም ከዓመት በኋላ ይነሣል። ቁስሉ ሽሮ፣ ነገሩ ተረስቶ ሳለ ራስ ምታትና ትኩሳት ይጀምራል፤ ከዚያ ውሃ መዋጥ ያስፈራል። ያን ጊዜ ወደ ሐኪም መሮጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

6. ክትባት የትዕግሥት ፍሬ ነው

በ1877 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1885) ጆሴፍ ሜስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ያበደ ውሻ ብዙ ቦታ ነከሰው። እናቱ ልጅዋን ይዛ ወደ ፓሪስ፣ ወደ ሉዊ ፓስተር ሄደች። ፓስተርም አዲስ ያወጣውን መድኃኒት በቀናት ውስጥ 13 ጊዜ አስወጋው፤ ልጁም ዳነ። በአዲስ አበባ ጉለሌ ያለውንና ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለውን ቤት ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ ሲጠራው የኖረው በዚህ ሊቅ ስም ነው። ያች እናት «ቁስሉ ይሽራል» ብላ ቤትዋ ብትቀመጥ ኖሮ ልጅዋን ለሞት በተወችው ነበር።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ውሻውን አስቀድሞ ማስከተብ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነውና፣ ውሻው ከተከተበ ልጁ ተጠበቀ ማለት ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ይደገም። እዚህም ላይ የጠባይ ትምህርቱ ይጠቅማል። «ቦታህ» የለመደ፣ መያዝንና መታሰርን የማይፈራ ውሻ በክትባት ቀን አያስቸግርም፤ ዱላ ብቻ የለመደ ግን ገመድ ሲያይ አጥር ዘሎ ይጠፋል።

በቤት ውስጥ ተጠያየቁ

ማታ እሳት ዙሪያ ስትቀመጡ ማንበብ የሚችለው ልጅ ያንብብ፤ ሌላው ይመልስ።

1. ውሻችን ከሰው የማይለየው ለምን ይመስላችኋል? ከተጻፉት ምክንያቶች የትኛው ነው?

2. የት ይተኛል? በምን ይበላል? ስንት ሰዓት?

3. ለፋሲካ በጉ ሲታረድ ከረጢት ያለበትን ጉበት ምን እናደርገዋለን?

4. ለወትሮው የሚሸሸን ውሻ ዛሬ መጥቶ እጃችንን ቢልስ ምን እናስባለን?

5. ልጅ ቢነከስ ቁስሉ ስንት ደቂቃ ይታጠባል? ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?

6. ውሻችን መቼ ተከተበ?

ስድስተኛውን የሚመልስ ከታጣ ነገ ጠዋት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሰው ላኩና የክትባቱን ቀን ጠይቁ።